የታጠፈው ጥግ

«ጥጋቸው የታጠፈ ካርዶችን ብቻ ለይተው ያውጡልኝ። ሌላውን አይንኩት» አለ ሆስፒታሉን ሊረከብ ያለው ኩባንያ የላከው ባለ ሱፍ፣ የመደርደሪያው አቧራ ጃኬቱን እንዳይነካው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ።

እትዬ ካርድ ክው አለች። ይህን ስም ያወጡላት በሽተኞች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ የመንግሥት ሆስፒታል የካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጣለች፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

«ካወጣኋቸው በኋላስ የት ይሄዳሉ?»

«ካርዶቹ ወደ መጋዘን ይገባሉ። ሰዎቹ ከከተማ ዳር ያለው ጤና ጣቢያ ይታከማሉ።»

«እዚያ እኮ ሐኪም የለም።»

«እሱ እኛን አይመለከትም። ሰባት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል» አለና ምሳውን ሊበላ ወጣ።

ጥግ ማጠፍ የጀመረችው እሷ ናት። ድሮ በሽተኛው በየመስኮቱ «ትከፍላለህ ወይስ ነጻ ነህ?» እየተባለ ሰልፈኛው ፊት ይጠየቅ ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ ይህን መመለስ አፍሮ እግሩን ሳያሳክም ወደ ቤቱ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ ሁለት ጣቶቹ ጠቁረው ነበር፤ ተቆረጡ። ከዚያ ወዲህ የነጻ ታካሚዎችን ካርድ የላይኛውን ጥግ በጥፍሯ ታጥፋለች። ነርሱም፣ ላቦራቶሪውም፣ መድኃኒት ቤቱም አይቶ ክፍያ ሳይጠይቅ ያስተናግዳል። መመሪያ የለው፣ ማህተም የለው፤ ግን አንድም ሰው ሁለተኛ አላፈረም።

ጉድ ያመጣው ያለፈው ሐሙስ ስብሰባ ነው። ሆስፒታሉ ለግል ኩባንያ ይተላለፍ ወይስ አይተላለፍ ተብሎ ሠራተኛው ሲከራከር ዋለ። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ የራጅ ማሽኑ ከተበላሸ ስምንት ወር እንደሞላው ተናገረ። ውሸት አልነበረበትም። እትዬ ካርድ ግን አላስችል አላትና እጇን አወጣች። «ከካርዶቻችን ሲሶው ጥጉ የታጠፈ ነው! የታጠፈ ማለት መክፈል የማይችል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የት ይግቡ?» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያላጨበጨበው ባለ ሱፉ ብቻ ነበር፤ እሱ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በሩ ተከፈተና መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ ገባች።

«እማዬ፣ ስለ ጥጉ የነገርሻቸው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ልከራከርላቸው ብዬ ነው።»

«የት ተከራከርሽላቸው! ለይተሽ አስረከብሻቸው እንጂ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ግን የሆነው ሆኗል። ያሉሽን አድርጊ። ከኩባንያው ጋር የእኔ ውል የሚፈረመው ሰኞ ነው፤ የአንቺ ልጅ መሆኔን ያውቃሉ።»

እትዬ ካርድ ልጇን ልትቆጣት ፈለገች፤ አልቻለችም። ልጅቷ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው፣ የሚያንገበግበውም እሱ ነው።

ልጇ ከወጣች በኋላ መስኮቱ ተንኳኳ። ጫማ ሰፊው ነው፣ በምርኩዙ ተደግፏል።

«እትዬ ካርድ፣ እግሬ እንደገና ቆስሏል፣ ፋሻውን ላስቀይር ነበር። ደግሞ ሆስፒታሉ ተሸጠ እያሉ ሰውን ያስፈራራሉ።»

«አንተ ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ? እትዬ ካርድ እያሉልን ማን ይነካናል አልኳቸዋ!»

ቀና ብላ ማየት አቃታት። ካርዱን ለነርሷ ሰደደችለትና መስኮቱን ዘጋች። የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል።

ከመደርደሪያው አንድ የታጠፈ ካርድ አውጥታ ጥጉን አቃናችው። በማስመሪያ ተጫነችው፣ በመዳፏ ደጋግማ አሸችው። መስመሩ አልጠፋም። አንዴ የታጠፈ ወረቀት እንደታጠፈ ነው፤ ባለ ሱፉም ዓይን አለው።

ካርዱን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ሄዳ በሩን ከውስጥ ቆለፈችና የመጀመሪያው መደርደሪያ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። እዚያ የሚቀመጠው የሠራተኞችና የቤተሰቦቻቸው ካርድ ነው፤ አንድም የታጠፈ የለበትም። የሆስፒታሉን ካርድ ሁሉ ለማጠፍ ሃምሳ ደቂቃ አይበቃትም። ባለ ሱፉ ማንን ከማን እንደሚለይ ግራ እንዲገባው ግን ይበቃል።

የሥራ አስኪያጁን ካርድ አወጣችና ጥጉን በጥፍሯ አጠፈችው። የራሷንም አጠፈች።

ቀጥሎ የመጣው የልጇ ነበር። ስሟን አነበበችው፤ የጻፈችው ራሷ ናት፣ ልጅቷ በተወለደች ቀን። ለአፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ እሱንም አጠፈችው።