ለሌላ ቤት የተሰጠችው

«ከበሩ ዞር በይ ላቦኒ» አለ አቢናሽ። «ካህኑ ቆመው እየጠበቁ ነው።»

«ይቁሙ። እኔም ቆሜያለሁ።»

«አንቺ ምን አገባሽ? ከተዳርሽ አስራ አንድ ዓመትሽ። ትውልድሽ ሌላ፣ ቤትሽ ሌላ።»

«ዳዳ፣» አለች ታላቅ ወንድሟን፣ «ሰሌዳው እስከ አስረኛው ቀን ብቻ ይቆይ ነው የምልህ።»

እናታቸው ከሞተች ሦስተኛ ቀን ሆኗል። አቢናሽ እንደ ሐዘኑ ወግ ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ አገልድሟል፤ ጢሙ አድጓል፣ እግሩ ባዶ ነው። ግቢው ውስጥ ጎረቤቶች ያመጡትን ሙዝና ሩዝ አስቀምጠው ይንሾካሾካሉ።

ከበሩ ጀርባ፣ በቀይ ጨርቅ ላይ፣ የእናትየው የመዳብ ሰሌዳ አለ። የተጠላለፉ ሦስት ማዕዘኖች፣ በዙሪያቸው ስምንት የሎተስ አበባ ቅጠል፣ መሃል ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ ተቀርጾበታል። አርባ ዓመት ሙሉ፣ አምላካቸው ዱርጋ ቤቱን እንድትጠብቅ፣ እናትየው በየንጋቱ ፊቱ ተቀምጣ ማንትራዋን፣ ያን ምስጢራዊ የጸሎት ቃል፣ ደግማለች። የቤቱ ደንብ ግን ጥብቅ ነው። ሰሌዳው ሦስት ንጋት ማንትራ ሳይሰማ ቢያልፍ ይታገሣል፤ አራተኛው ካለፈ ወንዝ ውስጥ ይሰጥማል። ሐዘንተኞቹ ደግሞ እስከ አስረኛው ቀን ርኩስ ናቸውና ክፍሉን አይረግጡም። ካህኑ ንጹሕ ቢሆኑም ማንትራው ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ የሚተላለፍ ነው፤ አያውቁትም። ቅርጫታቸውን ይዘው የመጡት ሰሌዳውን ወደ ቅዱሱ ወንዝ ወደ ጋንጋ ሊወስዱት ነበር።

አቢናሽ ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። «ነገ ሕፃኑን አንድ ነገር ቢነካው አንቺ ትመልሺልኛለሽ?» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ዱርጋ ስሟን የሚጠራላት ሰው በሌለበት ቤት እንዴት ትቀመጣለች?»

«የሚጠራ አለ» አለች ላቦኒ። «እኔ አውቀዋለሁ።»

አቢናሽ ሳቀ። «እማ ለኔ ያልሰጠችውን ላንቺ?»

የጎርፉ ዓመት ላቦኒ ስድስት፣ አቢናሽ አስር ዓመታቸው ነበር። አባታቸው የጭነት ጀልባ ላይ ነበር። ከቀትር ጀምሮ ውሃው ቤት ገባ፤ እባቦቹም እንደ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ፈለጉ። እናታቸው ሁለቱን አልጋ ላይ ሰቅላ፣ ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በጣቶቿ አንጓ እየቆጠረች ደገመች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፅዋ ተዘጋ። ያኔ የላቦኒን ጆሮ ወደ አፏ ሳበችና በትንፋሽ ብቻ አቀበለቻት፤ «ሲደክመኝ አንቺ ቀጥዪ።» የመንደሩ ሰዎች የሙዝ ግንድ አስረው በላዩ እስኪመጡላቸው ድረስ ልጅቷ ቀጠለች። በኋላ ሰው ጀግንነቷን ሲያወራላት እናትየው ትስቅ ነበር። «ምን ጀግንነት አለ? ቆጠራው ነው የያዘኝ። ብሮጥ ኖሮ ወንዙ ሦስታችንንም ይወስደን ነበር።»

«ድምፅዋ ሲዘጋ ማን ቀጠለ ዳዳ? አልሰማህም?»

አቢናሽ መሬት መሬት አየ። «ሕልም መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ወዲያው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ቢሆንስ? የሞተችው እናትሽ ናት። አንቺም እንደኛው ርኩስ ነሽ።»

ካህኑ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ቆይ እስቲ። ቅድም ትውልድሽ ሌላ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«አባትህ በሕይወት ስላልነበረ ለባሏ የሰጠሃት አንተው ነህ። ሙሽሮቹን እጅ ለእጅ ያሰርኩት እኔ። የሠርጉንም ዓሣ አልረሳሁትም፤ አጥንቱ በዝቶ ነበር።» ግቢው ውስጥ ሳቅ ታፈነ። «የተዳረች ልጅ የወላጇ ርኩሰት ሦስት ቀን ነው። ነገ ሲነጋ ታጥባ ትገባለች። አንተ ግን ገና ሰባት ቀን ይቀርሃል።»

የአባታቸው እህት ፒሺ ከሰሌናቸው ላይ ቀና አሉ። «በገዛ አፉ ባዕድ አደረጋት፣ በገዛ አፉ አነጻት። እኔ ጥርስ ባይኖረኝም ይህን ማኘክ አላቃተኝም።»

ላቦኒ ራሷ ይህን አላሰበችውም ነበር። ሐዘኗ በሦስት ቀን ያልቃል ብሎ የሚያምን ልብ ከየት ታምጣ?

በአራተኛው ንጋት ወንዝ ወርዳ ታጠበች። ጠርዙ ቀይ የሆነ ንጹሕ ሳሪ ለብሳ ብቻዋን ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። መሃል ያለችውን ነጥብ በቀይ የሰንደል ቅባት ቀባች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቃሉ ለማንም አልተሰማም፤ አውራ ጣቷ ከአንጓ ወደ አንጓ ሲሄድ ግን ሁሉም ያያል። አቢናሽ ደፉን ሳይረግጥ ቆሞ፣ ሕፃኑን ታቅፎ፣ አብሯት ቆጠረ። መቶ ስምንተኛው ላይ ላቦኒ ቀንደ መለከት የሚሆነውን የባሕር ዛጎል አንስታ ነፋች።

ፒሺ እልል አሉ። የሐዘን ቤት ነው ያላቸው አልነበረም፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው፣ ከማዶ ሰፈር ሳይቀር እልልታ ተመለሰ።

«እስከ አስረኛው ቀን በየንጋቱ እየመጣሽ ድገሚ፤ ከዚያ ለሚስቴ አስተምሪያት» አለ አቢናሽ፣ ዓይኑ እንደራሰ።

«ላንተስ?»

«እኔማ አለቅሳለሁ። የለመድኩት እሱን ነው።»

ግቢው ሞቀ። የፈካ ሩዝ በየእጁ ታደለ፤ ፒሺ ታሪኩን ለዘገዩት እንደ አዲስ ይተርካሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ባዶ እግሩን ነው፤ ጫማ የተፈቀደው ለላቦኒ ብቻ ነበር፤ እሷ ደግሞ መርዶውን ሰምታ ስትሮጥ ባዶ እግሯን ነበር የመጣችው። በጓሮ በር በኩል የእናቷ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበር። እግሯን አስገባች። ተረከዙ ጋ የእናቷ እርምጃ የቦረቦረው ጎድጓዳ አለ። እንዳይወልቅባት ጣቶቿን ቆልመም አድርጋ፣ ወደ ባሏ ቤት ወደሚያሻግራት ጀልባ ወረደች።