ስምንተኛዋ አንጓ

በተባይ ምርመራ ቤት «እትዬ መርፌ» ይሏታል። ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ ነፍሳትን በቀጭን መርፌ እያነሳች በየዘራቸው ስትለይ የሸበተች ሴት ናት። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን እጇ ሥራ አልይዝ አላት። ታናሽ ወንድሟ ሦስት ወር ሙሉ እንደ ልጅ ያሳደገው የሽንኩርት ችግኝ ቀትር ላይ ሊቃጠል ነው። ኃላፊው ችግኙ ላይ የተገኘችውን ትሪፕስ፣ ያቺን ቅጠል መጣጭ፣ በማጉያ መነጽር አይቶ «አንቴናዋ ሰባት አንጓ ነው፤ የተከለከለችዋ ዘር ናት» ብሎ እንዲቃጠል ፈርሟል።

«እስቲ አንዴ ልያት» አለችው።

«ወንድምሽ ስለሆነ ነው አይደል፣ እትዬ?»

«ወንድሜማ አልቅሶ ይወጣለታል። እኛ ስሟን ተሳስተን ከመዘገብን ግን ማን ያለቅስልናል?»

ሳቀና ወንበሩን ለቀቀላት። ቆጠረች፤ ሰባት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ሰባት። ቀና ስትል ግን ትሪፕሷን በሸፈነው የመስታወት ክዳን ላይ የጣት አሻራ አየች።

«ክዳኑን በአውራ ጣትህ ተጭነኸዋል?»

«አየር እንዳይገባ ብዬ ነዋ።»

«ወይ ጣትህ! የመጨረሻዋ አንጓ እኮ ከአቧራ አትበልጥም። ተሰብራ ቀርታ ቢሆንስ? ስምንት ከሆነች ሌላ ዘር ናት!»

«በ‹ቢሆንስ› እሳት አላስቆምም። እስከ ቀትር ያልተሰበረች አምጪልኝ።»

እትዬ መርፌ ጉልበቷን ረስታ ወደ ችግኙ መደብ ሮጠች። ወንድሟ ከተከመረው ጭድ አጠገብ ክብሪት ይዞ ቆሟል።

«ነጭ ሳህን አምጣ! ቶሎ በል፣ አንተ ቀርፋፋ!»

«በዚህ ሰዓት ምሳ አማረሽ፣ እታለም?»

የሽንኩርቱን ቅጠል ሳህኑ ላይ መታ መታ አደረገችው። ክንፍ ያላቸው አምስት ስድስት ወደቁ፤ ግልገል ግን አንድም የለም። ከቦዩ ዳር ያለውን ሳር መታችው። ኧረ ጉድ! ሳህኑ በቢጫ ግልገል ተርመሰመሰ።

«አየህ! ቤት ማለት ልጅ ያሳደጉበት ነው። ሽንኩርትህ ላይ ነፋስ ያሳረፋት እንግዳ ናት፤ ኑሮዋ ሳሩ ላይ ነው!»

ከሁለቱም ክንፍ ያላቸውን ለይታ ሰብስባ ወደ ምርመራ ቤቱ ተመለሰች። ክዳኑን በመርፌ ጫፍ ደግፋ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ብርድ ልብስ ቀስ አድርጋ አለበሰቻቸው። ቆጠራውን ለኃላፊው ተወችለት።

«አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት...» ማጉያው ላይ ይበልጥ ጎንበስ አለ። «ስምንት! የሽንኩርቷ ስምንት፣ የሳሯም ስምንት! እትዬ፣ አንድ ዘር ናቸው፤ የተከለከለችዋ አይደለችም!»

ወዲያው ስልክ አንስቶ «ክብሪቱን ጣለው!» ብሎ ጮኸ። የወንድሟ እልልታ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው።

እትዬ መርፌ ግን መዝገቡን እያገላበጠች ነበር። «ጉድ ስማ! ይቺ እስከ ዛሬ የታወቀችው ከባሕር ጠረፍ ብቻ ነው። እዚህ ድረስ እኮ የሁለት ቀን መንገድ ነው!»

«ከዚያ እስከዚህ መሃል ላይስ?»

«ማን ፈልጎ ያውቃል?»

ተያዩ። ኃላፊው የማቃጠያውን ትእዛዝ ቀደደና ኮቱን እያጠለቀ «ከበራችን ሳር እንጀምራ፣ እትዬ» ሲል፣ እሷ ሳህኗን ይዛ ደጅ ወጥታለች። መታ መታ ስታደርግ ይሰማል።