ቀፎ ብረት

ማርሊስ ካንጋስ ብረት ከመሬት ስታነሳ ፊቷ ቀይ ሥር ይመስላል። ዱሉት ከተማ ውስጥ፣ በድሮው የዓሣ መጋዘን በተከፈተው ጂም የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ለመጽሔት ሽፋን "ጠንካራ ሴቶችን" ፍለጋ የመጡት ፎቶ አንሺዎች ግን ከየት ይወቁት?

ማርሊስ ሽፋኑን የፈለገችው ለልጇ ብላ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ቶቫ የእናቷን ሰፊ ትከሻ ወርሳለች። ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ ብረት የሚያነሱ ሸንቃጣ ሴቶች ስታይ እየዋለች፣ ትከሻዋን እንደ ነውር በሹራብ መሸፈን ከጀመረች ሰነበተች፤ ጂሙንም እርግፍ አድርጋ ትታለች። "ይኸው፣ እኛን የመሰለም ሽፋን ላይ ይወጣል" ልትላት ነበር የማርሊስ ምኞት። ዛሬም በስንት ልመና ይዛት መጥታ፣ ልጅቱ ጥግ ይዛ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች።

"የኔ እመቤት፣ ሆድሽን ሳብ አድርጊው" አላት ፎቶ አንሺው ግራንት።

"ብረት ሲነሳ ሆድ ቀበቶውን ይገፋል እንጂ አይሳብም።"

"ግድ የለም፣ በኋላ በኮምፒውተር እናስገባዋለን። ትከሻሽንም ትንሽ እናጠብበዋለን።"

ማርሊስ ወደ ልጇ ዞረች።

"እሺ በያቸው፣ እማ" አለች ቶቫ ቀና እንኳ ሳትል። "ያምርብሻል።"

ይህች ቃል አንጀቷን ቆረጠችው። እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባውን ነጭ ዱቄት መዳፏ ላይ አሸችና እነሱ ወዳዘጋጁት ብረት ሄደች። አጎነበሰች፤ እንደ ልማዷም ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበችው።

ብረቱ ሽቅብ ተፈናጠረ። ማርሊስም በጀርባዋ ዘጭ! የጂሙ ባለቤት ሽማግሌው አርቮ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ምን ጉድ ነው ይሄ?" አለች ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች።

"ብረቱ ጫፍ ላይ የገቡት ክብደቶች የፎቶ ናቸው" አለ ግራንት እየተቅለሰለሰ። "ውስጣቸው ባዶ ነው። ፊት እንዳይጨማደድ ብለን ነው፤ ሁሉም የሚነሳው በነዚህ ነው።"

ቶቫ ቀና አለች። "እነዛ ስልክ ላይ የማያቸውም?"

"አብዛኞቹ።"

"አርቮ!" ብላ ጮኸች ማርሊስ። "ቅዳሜ ያቃተኝን ክብደት ይጫኑልኝ!"

ተጫነላት። ያዘችው፤ ከንፈሯ ተጣመመ፣ ሆዷ ቀበቶውን ገፋው፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ። ብረቱ እየተንቀጠቀጠ ከመሬት ተነሳ፤ ቀጥ ብላም ቆመች።

"ፎቶ አንሳ!" አለችው ግራንትን በጥርሷ መሃል።

"ይሄማ አይታተምም።"

ብረቱን ለቀቀችው፤ ወለሉ ተናወጠ። "አይታተማ! ስንት ዓመት የለፋሁበትን ትከሻ አንተ በአንድ ጣትህ ታጠብበዋለህ? ሂድ፣ ሽፋንህን ቀፎ ለሚያነሳ ስጥ!"

ግራንት ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ማርሊስ ንዴቷ ሲበርድ ከፋት፤ ለልጇ የምታሳየው ሽፋን ቀረ። ዞር ስትል ቶቫ ቀፎውን ብረት በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ እያየችው ነበር። ልጅቱ ወለሉ ላይ ወረወረችው፤ ሹራቧን አውልቃ የእናቷ ብረት ላይ አጎነበሰች። ሳበች። ደግማ ሳበች። ፊቷ ቀይ ሥር መሰለ።

"እማ፣ አልነቃነቅ አለኝ እኮ!"

"ነገም አይነቃነቅልሽም" አለች ማርሊስ እንባዋን በዱቄታም እጇ እየጠረገች። "ብቻ ነይ።"