ጠዋት የሄዱት፣ ማታ የተመለሱት

የልጅ ልጄ ሥራ ዝይ መቁጠር ነው። ሲሰሙት ያስቃል፤ እኔም መጀመሪያ «አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተመላለስሽው ለዚህ ነው?» ብያታለሁ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። የዱር ዝዮች ሐይቁ ላይ ያድራሉ፤ ጎህ ሲቀድ ምግብ ፍለጋ ወደ እርሻው ይበርራሉ፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይመለሳሉ። እሷ ዳር ላይ ተቀምጣ፣ በአውራ ጣት የሚጫን ቆጣሪ ይዛ፣ ሲወጡ አንዴ ትቆጥራለች። ማታ ሲገቡ ደግሞ እንደገና ትቆጥራለች፤ ጠዋት ተሳስታ እንደሆነ ለማወቅ። ጠዋት አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ፣ ማታ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት። ሁለቱ ከተቀራረቡ ቆጠራው ልክ ነው ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ስምንተኛ ክፍል ይበቃል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ገብቶኛል።

የቢሮዋ የዕቅድ ኃላፊ ግን አልገባውም። ሁለቱን ደመራቸው።

ስሙን ማወቅም አልፈልግም፤ ደማሪው እለዋለሁ። ደማሪው ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ስድስት ብሎ ጻፈ፤ ያ ቁጥር እንዳለ ወደ ምክር ቤት ሄደ፤ እዚያ የሚወጣው አዲሱ የአደን ሕግ ረቂቅ «ዝይ ስለበዛ» ብሎ፣ አንድ አዳኝ በቀን አምስት ይገድል የነበረውን አሥራ አምስት አደረገለት። ከአባሪው ግርጌ ደግሞ «ቆጠራውን ያካሄደችው ባለሙያ» ተብሎ የልጅ ልጄ ስም ከነአባቷ ሰፈረ።

በዚህ ስሌት እኔም ጠዋት ወጥቼ ማታ ስለምመለስ ሁለት አያት ነኝ። የምክር ቤት አባላቱ ግን ግማሽ ናቸው፤ ጠዋት ፈርመው ይገባሉ እንጂ ከምሳ በኋላ የሚመለስ የለም።

ረቂቁን እቤት አምጥታው አነበብኩት፤ ሁለቴ፣ በመነጽር፣ ከሥሩ እያሰመርኩ። የቋሚ ኮሚቴውንም ስብሰባ በሬዲዮ ተከታተልኩ። ሐይቅ የሚባለውን በሥዕል እንኳ ያዩ አይመስሉም። አንዱ «ዝይ ይናከሳል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ጉሮሮውን ጠርጎ «የተከበሩ አባል ያነሡት መሠረታዊ ጥያቄ ነው» አለ። መሠረታዊ! ሬዲዮውን ዘግቼ ሳህን አጠብኩ። ንጹሑን ሳህን ነበር ያጠብኩት።

እሷ ደማሪው ቢሮ ገብታ ነግራዋለች።

«ኃላፊ፣ ማታ የተመለሱት እኮ ጠዋት የሄዱት ናቸው።»

«እንዴት አወቅሽ? ስማቸውን ጠይቀሻል?»

ቢሮው ሙሉ ሳቀባት። ሳቃቸው ሲያልቅ «እንግዲያው ወይ ቁጥሩን ያስተካክሉ፣ ወይ ስሜን ያንሡልኝ» አለች። እሱም የሥራ ውሏ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር መሆኑን አስታወሳት። አላስፈራራትም፤ አስታወሳት ብቻ። እንዲህ ያለው ሰው ማስፈራራት አያውቅበትም፤ የሚያውቀው ማስታወስ ነው።

እሷ ግን ሕዝብ አስተያየት በሚሰጥበት ቀን ቆማ ልትናገር ተመዘገበች። ማታ ይህንን ነገረችኝ።

«ተይው ልጄ፤ ዝይ ነው።»

«እማማ፣ ዝዩ አይደለም። ከሥሩ ያለው ስም የኔ ነው።»

ለምን እንደምፈራ ልናገር። ባለቤቴ ቀያሽ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ይህ ካርታ ከመሬቱ ጋር አይገጥምም» አለ። አለቀ። ከሥራ ወጣ፤ እስኪሞት ድረስ መስኮት ሥር ተቀምጦ እርሳስ ሲቀርጽ ኖረ። የሚሥልበት ነገር ሳይኖረው ይቀርጻል፤ ጠዋት ጠዋት ቅራፊውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ይህቺ ልጅ ያደገችው በኔ እጅ ነው። ሁለተኛ ቅራፊ ልጠርግ?

ስለዚህ በቀጠሮው ቀን፣ እሷ ጫማዋን ስታጠልቅ፣ የቆጠራ ደብተሯን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከሹራቡ ሥር ከተትኩት። ደብተር ከሌላት አትናገርም አልኩ። አብሬያት ሄድኩ፤ «ብርድ እንዳይመታሽ» ብዬ።

አዳራሹ ምንጣፍ የለበሰ፣ ማይክሮፎኑ የሚያንቋርር፣ መጋረጃው በቀን የተዘጋ ነው። ከፊት ሰባት አባላት ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ ስልካቸውን ይነካካሉ፤ አንዱ በማንኛውም ነገር ራሱን ይነቀንቃል። መጀመሪያ የአዳኞች ማኅበር ተወካይ ተነሣ። ጭቃ ነክቶት የማያውቅ የጭቃ ቦት ጫማ አድርጓል። «ተፈጥሮን የሚወድ ሰው ያድናል» አለ። ነቅናቂው ነቀነቀ። «ዝይ ካልቀነሰ ይጎዳል» አለ። አሁንም ነቀነቀ። ሰብሳቢው ሦስት ደቂቃው ሲያልቅ አሥር ደቂቃ ጨመረለት።

ከዚያ የልጅ ልጄ ተጠራች። ቆመች፤ ቦርሳዋን ከፈተች። መጀመሪያ በዝግታ ፈለገች፤ ቀጥላ ያለውን ሁሉ ወንበሩ ላይ ዘረገፈችው። እስክሪብቶ፣ ቁልፍ፣ ያ ቆጣሪ፣ ጠዋት የሰጠኋት ብርቱካን።

«እህቴ፣ ሰዓትዎ እየሄደ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«ደብተሬ... ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ግን ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት የተቆጠሩትና ማታ የተቆጠሩት...»

«በቃል?» ሰብሳቢው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ፈገግ አለ። «እዚህ ሕግ ነው የምናወጣው። ማስረጃዎን ዝይ በላው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ደማሪው ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ክቡር ሰብሳቢ፣ ይቅርታ ይደረግላት፤ ልጅ ናት፣ የራሷን ሥራ ረስታዋለች» አለ። ለምክር ቤቱ ይቅርታ ጠየቀላት! የሷን ስም ይዞ፣ የሱን ድምር ይዞ።

ቀና ብላ ወደ ኋላ አየች። እኔን ፍለጋ ነው፤ ልጅ ሆና ስትወድቅ እንደምታየኝ። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ጭምድድ አድርጌ ይዤአለሁ። ያን ሁሉ ሰው ንቄ ቆይቼ በዚያች ቅጽበት ከሁሉም ያነሰ ማን እንደሆነ አየሁ። ደማሪው ቁጥር ነው የሰረቀው። እኔ ደብተሩን።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ተንቋቋ፤ ማይክሮፎን ባይኖረኝም አዳራሹ ሁሉ የሰማው ይመስለኛል።

«እናቴ፣ ይቀመጡ፤ ተመልካች መናገር አይፈቀድለትም።»

«አልናገርም» አልኩ። «ዕቃ ነው የማቀብለው።»

ሹራቡን አወጣሁ፣ ከሥሩ ደብተሩን አወጣሁ፣ በወንበሮቹ መሐል እየተጋፋሁ ወሰድኩላት። ዓይኔን አላየችም። ገለጠችና ማንበብ ጀመረች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት። «ማታ የተመለሱት ጠዋት የሄዱት ናቸው» አለች መጨረሻ ላይ፤ «ተደምረው የቀረቡት ግን እንደ ሌላ ዝይ ነው። ይህ ቁጥር የኔ አይደለም። ወይ ይስተካከል፣ ወይ ስሜ ይነሣ።»

አንዲት የኮሚቴ አባል፣ ያን ቀን ሙሉ አፏን ያልከፈተች፣ ወደ ደማሪው ዞራ «እውነት ነው?» አለችው።

«የአሠራር ልዩነት ነው» አለ ደማሪው።

ነቅናቂው ነቀነቀ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመች።

«ደብተሬ ቦርሳሽ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

«የአያቴንም ካርታ እንዲህ ደብቀሽበት ነበር?»

«አልደበቅኩበትም። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እደብቅበት ነበር።»

አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ብርቱካኑን ግን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ።

ሕጉ በሁለት ሳምንቱ ወጣ። ጋዜጣውን ገዝቼ ቀጥታ ወደ አባሪው ሄድኩ። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ስድስት እንዳለ አለ። አሥራ አምስቱም አለ። የልጅ ልጄ ስም ግን የለም፤ በቦታው «ምንጭ፦ የቢሮው ባለሙያዎች» ይላል። ወይ ይሄ ወይ ያ ብላቸው ነበር፤ የቀለላቸውን መረጡ። ቁጥር ለማስተካከል መቀነስ መቻል ያስፈልጋል፤ ስም ለማንሣት አንድ መስመር መሰረዝ ይበቃል። በሚቀጥለው ወር ውሏም አልታደሰም። ደብዳቤው «ላበረከቱት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን» ይል ነበር። ፈራሚው ደማሪው ነው።

መስኮት ሥር ተቀምጣ እርሳስ ትቀርጻለች ብዬ ጠበቅኩ። በየማለዳው ቀድሜ ተነሥቼ ወለሉን አያለሁ። ምንም የለም። የአደን ወቅት በተከፈተበት ቀን ግን ገና ሳይነጋ ጫማዋን ስታጠልቅ ደረስኩባት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ያነብልሻል?»

«አንቺ ታነቢዋለሽ።»

ሹራብ፣ ጃንጥላ፣ ውኃ፣ አንድ ሌላ ሹራብ ያዝኩና ተከተልኳት። ዝዮቹ ከሐይቁ ሲነሡ ድምፃቸው ደረት ይመታል፤ ይህን አላውቅም ነበር። እሷ ቆጣሪውን ትጫናለች፣ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ አንድ። ከዚያ ከእርሻው በኩል ተኩሱ ጀመረ፤ ቀኑን ሙሉ አላቆመም። ያ ባለ ቦት ጫማው ተወካይም ከመኪናው ወርዶ ባጠገባችን አለፈ፤ ጫማው አሁንም ንጹሕ ነው፤ የገደላቸውን የሚለቅምለት ሌላ ሰው አለው።

ወደ ማታ ተመለሱ። በተበታተነ ሰልፍ፣ ዝቅ ብለው፣ አንዳንዱ ብቻውን። ቆጠረች። የመጨረሻው ከገባ በኋላም ቆጣሪውን እንደያዘች ብዙ ቆየች፤ ሰማዩ ግን ባዶ ነበር። እጇን ዘረጋች። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ይህን ጊዜ ራሷ ናት እንድይዝላት የሰጠችኝ። አውጥቼ አቀበልኳት።

አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰባ አራት ብላ ጻፈች፤ ከጠዋቱ ቁጥር ጎን፣ ሳትደምር።