ምንም ያልሆነበት ሠላሳ ዓመት

እኔ አብራሪው ካፒቴን ቴዎዱሎ ኑፋብሌ በከተማችን በኢሎኢሎ ራዲዮ ጣቢያዎች ዘንድ የምታወቀው በነገረኛነቴ ነው። ጋዜጠኛ ስለ አውሮፕላን አፉን በከፈተ ቁጥር ስልኬን አነሳለሁ። ባለ ፕሮፔለሩን አውሮፕላናችንን “ጄት” ሲሉት እደውላለሁ። የበረራ መረጃ የሚቀዳው “ጥቁር ሣጥን” ጥቁር ነው ሲሉም እደውላለሁ፤ ቀለሙ ብርቱካናማ ነዋ! በተለይ ቻሪቲ የምትባል የራዲዮ ጋዜጠኛ ቁም ስቅሏን አይታለች። አንድ ቀን ዝናብ ማኮብኮቢያውን ስለጋረደብኝ ሳላርፍ ተመልሼ ተነሣሁ፤ ዞሬም በሰላም አረፍኩ። የዘወትር ሥራችን ነው። እሷ ግን “አብራሪው ማረፊያው ጠፍቶበት ተሳፋሪዎች ከሞት አፋፍ ተመለሱ” ብላ አወራች። ደውዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኳት። በመጨረሻ “ገባሽ?” ስላት፣ “ካፒቴን፣ እራቴ ቀዘቀዘ” አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ የንዴቴ ሥር ናናይ ነች፤ እናቴ። ሚያጋኦ ገበያ ደረቅ ዓሣ ሸጣ አብራሪ ያደረገችኝ እሷ ነች። ታላቅ ወንድሜ ሩፊኖ መርከበኛ ነው። የሚሠራባት መርከብ ስትሰጥም ሰዎች ከባሕር አውጥቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ያ ጋዜጣ መስታወት ገብቶለት በናናይ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ የእኔ ነው። ናናይ ማታ ማታ ትደውልልኛለች።

“ቶቶ፣ ልጄ፣ ዛሬስ ምን ሆነ?”

“ምንም፣ ናናይ። ሄድኩ፣ መጣሁ።”

“እንደ ጂፕኒ ታክሲ ሹፌር በለኛ! ነገስ ትበራለህ?”

“እበራለሁ።”

“እሺ” ትልና ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ሥራዬ ምንም እንዳይሆን ማድረግ ነው ብዬ ስንቴ አስረዳኋት! ግን ምን ታድርግ፣ ምንም አለመሆን ገበያ መሀል አይወራም።

የጡረታዬ ቀን ደረሰ። በእኛ ሙያ ደንብ፣ ተሰናባች ካፒቴን የመጨረሻ በረራውን ጨርሶ ሲገባ ሁለት የእሳት አደጋ መኪኖች ግራና ቀኝ ቆመው ውኃ ወደ ላይ ይረጫሉ፤ አውሮፕላኑ በውኃው ቅስት ሥር ያልፋል። ይህን ቀን ከወጣትነቴ ጀምሮ ስመኘው ኖሬያለሁ፤ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ እጄን እንዴት እንደማውለበልብ ሁሉ ተለማምጃለሁ። ውኃው መስኮቴ ላይ ሲወርድ ማውለብለቡ ጠፍቶኝ አለቀስኩ። አስተናጋጆቹ አለቀሱ፤ ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡ። ቻሪቲ ለካ ከአጥሩ ውጪ ቆማ በስልኳ እየቀረጸች ኖሯል። “አውሮፕላን በእሳት ተያያዘ! ጀግናው ካፒቴን ተሳፋሪዎቹን ከሞት አዳነ! የተረፉት እያለቀሱ ወረዱ!” ብላ በራዲዮ ለቀቀችው።

ስልኬን ስከፍት አገር ምድሩ ሰምቷል። ደውዬ ላወርድባት ስል ናናይ ቀደመችኝ።

“ቶቶዬ! አለህልኝ? ጀግናዬ! ሩፊኖ እንኳ እሳት ውስጥ አልገባም!”

“አለሁ፣ ናናይ። ደህና ነኝ” አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ ውሸት የለበትም።

በማግስቱ ቤቷ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሙሉ አሳማ በከሰል ላይ እየዞረ ይጠበሳል። ሳሎን ስገባ ከሩፊኖ ጎን የእኔ ፎቶ ተሰቅሏል። አንዱ ጎረቤት “እሳቱ እንዴት ነበር?” አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ “ይሞቃል” አልኩት።

ይሄኔ ቻሪቲ ማይክሮፎኗን ይዛ ገባች።

“ካፒቴን፣ ዜናዬን ላርም ነው የመጣሁት። የክብር ውኃ ነው አሉኝ የእሳት አደጋ ሰዎቹ።”

“ቀድመሽ አትጠይቂኝም ነበር?”

“ልደውል ብዬ ነበር። ግን አንድ ሰዓት ከየት አመጣለሁ?”

የእጄን አገኘሁ። ክንዷን ይዤ ወደ አሳማው ጀርባ ወሰድኳትና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። “ዝርዝሩ ምን ያደርጋል? ዋናው ነገር አውሮፕላኑ መድረሱ አይደል?”

“እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉት? በሣጥን ቀለም ያስለቀሱኝ ሰውዬ?”

“ምን ትንሾካሾካላችሁ?” ናናይ የሥጋ ቢላዋዋን እንደያዘች ከኋላችን ቆማለች።

ቻሪቲ እኔን አየችኝ። እኔ አሳማውን አየሁ። ከሱም እርዳታ አልተገኘም።

“ናናይ፣ እሳት አልነበረም” አልኳት። “ለስንብቴ የተረጨ ውኃ ነው።”

“ጭስስ?”

“ጭስም የለም።”

“ከዚያ በፊትስ? ሠላሳ ዓመት ሙሉስ?”

“ምንም ሆኖ አያውቅም።”

ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፎቶዬን ልታወርድ ነው ብዬ በዚህ ዕድሜዬ ማልቀስ ቃጣኝ። እሷ ግን ወደ ቻሪቲ ዞረች።

“ኢንዳይ፣ አንቺ ልጅ፣ ያ ማይክሮፎን ይሠራል?”

“ይሠራል።”

“እንግዲያው ስሚ። ይህ ልጅ በሚበርበት ቀን ሁሉ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ተንበርክኬ ሻማ አበራለታለሁ። ማታ ማታ ነገ ትበራለህ ወይ የምለው ለዚሁ ነው። ለሩፊኖ አንድ ቀን ረሳሁ፤ መርከቡ ሰጠመ። ለዚህኛው ረስቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ምንም እንዳይሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ብለሽ አውሪ!”

አፌን ከፈትኩ። የጥገና ሠራተኞቹ፣ ራዳሩ፣ በየጊዜው የምንወስደው ሥልጠና፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። ከቀሚሷ በታች ጉልበቷ ታየኝ፤ ጠቁሮ፣ እንደ ተረከዝ ደድሯል። ስንት ዓመት ሳየው የገበያ ሥራ ያመጣው ይመስለኝ ነበር።

ቻሪቲ ማይክሮፎኑን ፈራ ተባ እያለች ወደ እኔ አስጠጋችው።

“ካፒቴን፣ የሚታረም ነገር አለ?”

“የለም” አልኳት። “እንዳለችሽ አድርገሽ አውሪው።”