የሻምበል ገመድ

ላጢፋ የሻምበልን ገመድ ስትፈታ ምንም አልጠረጠረችም። ምን ትጠርጥር? ከቃሊቲ መጋዘኖች ጀርባ ባለው ሰፈራቸው፣ ጠዋት ቀድሞ የወጣ ሰው በሽማግሌው በአባባ ሂርጳ በር ላይ የታሰረውን ውሻ ይፈታል፤ ሻምበልም እስከ አስፋልቱ ሸኝቶ ብቻውን ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ሳሚም ሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ ለሱ አንድ ነው። ላጢፋ ለሶላት ንጹሕ የሆነውን ልብሷን ምራቁ እንዳይነካባት ትጠነቀቃለች፤ በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዳስሳው አታውቅም። እሱም የገባው ይመስል አንድ እርምጃ ርቆ ነው የሚሄደው።

አስፋልቱ ዳር ጓደኛዋ ዳሲቱ የፋብሪካውን ሰርቪስ እየጠበቀች ነበር። ሻምበል ጅራቱን እየቆላ ሲመለስ አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማነው የፈታው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ትናንት ከሰዓት በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ አልሰማሽም እንዴ? ያበደ ውሻ ሰው ነክሶ ነው። ዛሬ የወረዳው ሰዎች በየሰፈሩ የተመረዘ ሥጋ ይጥላሉ፤ ውሻችሁን እሰሩ ተብሏል።»

ትናንት ላጢፋ ከአዳር ፈረቃ ገብታ እንደ ግንድ ተኝታ ነበር። ሰርቪሱ ከፊቷ ቆሞ በሩን ሲከፍት እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ሮጠች።

ቦዩ ዳር አንድ ውሻ እግሮቹን እያወራጨ ወድቋል። አፉ አረፋ ደፍቋል። ላጢፋ ሻምበል መስሏት ተጠጋች፤ አለመሆኑን ስታይ ደግሞ ደስ አላት፣ በደስታዋም አፈረች። ጓንት ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ባልዲና ዱላ ይዘው ወዲያ ማዶ ቆመዋል።

«ቀይ ውሻ አላያችሁም?»

«አንዱ ሥጋ ነክሶ ወደ ላይ ሮጧል» አለ አጭሩ።

ነክሶ ነው ያለው፤ በልቶ አላለም። አባባ ሂርጳ የመጋዘን ዘበኛ በነበሩ ጊዜ ሌቦች የመጀመሪያ ውሻቸውን መርዘው ገድለውባቸዋል። ስለዚህ ሻምበልን ከቡችላነቱ ያሳደጉት ያገኘውን ሁሉ ወደሳቸው እንዲያመጣና እሳቸው «ብላ» ካላሉት እንዳይቀምስ አድርገው ነው። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ያመጣው ሁሉ ጎረቤት የሰጠው አጥንት ይመስላቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ሳያዩ «ብላ» ይሉታል። ላጢፋ ይህ ትዝ ሲላት ጫማዋን አውልቃ ጣለችና በባዶ እግሯ ሮጠች።

ስትደርስ ሽማግሌው በራቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሻምበል ሥጋውን በሁለት መዳፎቹ መካከል አስቀምጦ፣ ለሃጩ እየተንጠባጠበ፣ አፍ አፋቸውን ያያል። ላጢፋ ልትጮህ ፈልጋ ትንፋሽ አጣች።

አባባ ሂርጳ ራሱን ዳበስ አደረጉት። «ዛሬም ሰጡህ? በል፣ ብላ።»

አፉን ሲከፍት ላጢፋ ላዩ ላይ ወደቀች። ሥጋውን ከጥርሱ መሃል ስትመነጭቀው ሻምበል አጓርቶ እጇን ነከሳት። ሥጋው ግን በእጇ ነው። ጉድጓድ ሽንት ቤቱ ውስጥ ወረወረችው።

ባለ ባልዲዎቹ ከኋላዋ ደረሱ።

«ደም ነው እንዴ?» አለ ረጅሙ ዱላውን እያስተካከለ። «ነክሶሽ ከሆነ ንገሪን፤ የነከሰ ውሻ ይገደላል።»

ላጢፋ እጇን በሻርፗ ጠቀለለች። «የአጥሩ ቆርቆሮ ነው የቆረጠኝ።»

ሰውየው አጥሩን አየ፤ ውሻውንም አየ። ሻምበል ጆሮውን ጥሎ ግድግዳው ሥር ተኮራምቷል።

«እሰሩት» ብሎ ሄደ።

ማጓራቱን የሰሙት አባባ ሂርጳ «ልጄ፣ ነከሰሽ አይደል?» አሏት።

«አዎ፣ አባባ። ማንም እንዳይሰማ።»

«ጤና ጣቢያ ሂጂ እንጂ። እኔ በሱ ምክንያት አንቺን ልቅበር?»

«እሄዳለሁ። መርፌውን ሁሉ እወጋለሁ።»

«የማን ውሻ ነው ቢሉሽስ?»

ላጢፋ ሻምበልን አየችው። የምትወደውን ያህል አሁን ትፈራዋለች። ቢታመምስ? ያ ያበደው ውሻ ነክሶት ቢሆንስ? ስትንበረከክ ቀስ ብሎ ተሳበና አንገቱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። አልገፋችውም።

«አላውቀውም እላቸዋለሁ» አለች፤ ለቅሶዋም መጣ። «መንገድ ላይ ነው የነከሰኝ፣ አይቼው አላውቅም እላለሁ።»