አሥራ አንድ ጊዜ «ደህና ነኝ»

እማማ የሺእመቤትን «እንዴት አደሩ?» ብሎ እውነቱን መስማት የሚፈልግ ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጥ። ቆሞ የጠየቃቸው ሰው «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የምትለዋን ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው። ይኼን ያወቅሁት ጎረቤቴ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳንዲ ስፕሪንግስ ባለ አንድ ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ነበርኩ። የኛ ትልልቅ ሰዎች ታመውም ቢሆን መጀመሪያ ፈጣሪያቸውን ነው የሚያመሰግኑት። ሐኪሙ «ያምዎታል?» ሲል «ይመስገን» ይሉታል። ስለ ልጆቻቸው ትንሽ ተጫውተሽ፣ ቀስ ብለሽ «እንቅልፍስ እማማ?» ስትይ ነው «እንቅልፍማ ከየት መጥቶ ልጄ!» የሚሉት። በሽታው ያኔ ይወጣል።

በዚህች «እንቅልፍስ?» የተነሳ ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ነው የሚተረጉመው፣ ከራሱ ጥያቄ አይጨምርም ተባልኩ። እሺ፣ እናንተ ናችሁ የምታውቁት! ግን በዚያች ጥያቄ የተነሳ የተቆጣኝ አንድም ሐኪም የለም።

ባለፈው ዓመት አለቃችን ሰብስባን ኤአይ የሚሉት አስተርጓሚ ማሽን ሊመጣ ነው አለች። «እናንተን ለማገዝ ነው፣ አትስጉ» አለች። ለማገዝ! ሦስት ወር ቤታችን ቁጭ ብለን ሕመምተኞች ከኛ ጋር ሲነጋገሩ የተቀረጸውን እያዳመጥን ምልክት እንድናደርግ ሰጡን፤ ማሽኑ አማርኛ እንዲማር ነው። ማሽኑ ሲማር እኛ ተሰናበትን። አሁን ዳውንታውን አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ፤ እሱንም በካሜራ ሊተኩት ነው ይላሉ። ኤዲያ!

እማማ የሺ የሚኖሩት ስኮትዴል፣ እኔ ያለሁበት አፓርትመንት ነው፤ እሳቸው ታች፣ እኔ ላይ። ስኳር አለባቸው። መጋቢት ላይ የግራ እግራቸው ጣት ቆስሎ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙና ዲስቻርጅ ተደርገው ቤታቸው ገቡ። ልጃቸው ግሩም ረጅም መንገድ የሚሄድ የትራክ ሾፌር ነው፤ ወደ ካሊፎርኒያ ሲነሳ «ገሊላ፣ እናቴን አደራ» አለኝ። «ደግሞ ሆስፒታሉ በየጠዋቱ በአማርኛ ይደውልላታል» ብሎ ተጽናና። ለግሩም ቃል ገባሁለት። ግን ሁለት ሺፍት ነበር የምሠራው። ጠዋት ስወጣ በራቸውን ገፋ አድርጌ «እንዴት ነዎት?» እላለሁ፣ «ይመስገን» ይሉኛል፣ ወደ መኪናዬ እሮጣለሁ። አዎ፣ እኔም! ወንበር መሳብ የሚያውቀው ሰውም ወንበር አልሳበም።

ከሆስፒታል በወጡ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሥራ ስላልነበረኝ ዳቦ ይዤ ገባሁ። ገና ከመቀመጤ ስልካቸው ጮኸ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንግዳ የመጣባቸው ይመስል፣ ስፒከር አደረጉት።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ የሺእመቤት? አይዞዎት፣ እኔ አለሁልዎት» አለች አንዲት ሴት። ደሜ ፈላ። «አይዞዎት፣ እኔ አለሁልዎት» የኔ አነጋገር ነው! ዘጠኝ ዓመት ለስንቱ በሽተኛ ያልኩት ነው። «ዛሬ ቁስሉ ላይ ሕመም ይሰማዎታል?»

«ይመስገን፣ ደህና ነኝ የኔ ልጅ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ። መልካም ቀን ይሁንልዎት።» ተዘጋ። ዳቦውን እንኳ ከፌስታሉ አላወጣሁም ነበር።

«እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» አሉኝ። «አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። አነጋገሯ ደግሞ ያንቺን ይመስለኛል።»

«ሰው እኮ አይደለችም እማማ፣ ማሽን ናት።»

«ውይ፣ እንደሱ አትበያት!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስለ ግሩም አወራን፤ ከካሊፎርኒያ ሲመለስ ኦክላሆማ ደርሷል፣ ሚስት የማግባት ነገር አሁንም የለም። ሳናስበው አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ «እንቅልፍስ እማማ?» አልኩ።

«እንቅልፍማ ከየት መጥቶ ልጄ! ይኼ እግር እንደ እሳት ሲለበልበኝ አይደል የሚያድረው።»

ካልሲያቸውን አወለቅሁት። ጠረኑ ቀድሞ መጣ። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ ከጎኗ ያለችውም ጀምሯታል።

«በእግዚአብሔር! ለምን አልነገሯትም? በየቀኑ እየደወለች?»

«እንዴ! ገና ደህና አደሩ ላለችኝ ሰው የእግሬን መግል ላውራላት? ነውር አይደለም እንዴ? ሁለተኛ ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ እያልኩ እጠብቃለሁ፤ እሷ ትሰናበተኛለች።»

ሆስፒታል ደወልኩ። ያነሳውም ማሽን ነው። ሰኞ የነበራቸው አፖይንትመንት ካንስል ተደርጓል፤ ለአሥራ አንድ ቀን ሕመም ስላልነበረ አያስፈልግም ተብሎ። «ሰው ስጡኝ!» አልኩ። «ጥያቄዎ ገብቶኛል» አለኝ። ምኑ ነው የገባህ! ስልኩን ዘግቼ፣ ካልሲውን መልሼ አልብሼ፣ እማማን ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸውና ቀጥታ ወደ ኢመርጀንሲ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ «የዕረፍት ቀንሽን አበላሸሁብሽ» እያሉ ይቅርታ ይጠይቁኛል። እኔ መሪውን ጨብጬ አለቅሳለሁ።

የተቀበለችን ነርስ ዳያን ትባላለች፤ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል። አቀፈችኝ። ሕመሙን ልነግራት አፌን ስከፍት ግን እጇን አነሳች። «ገሊላ፣ ይቅርታ። አሁን ሠራተኛችን አይደለሽም፣ ለታካሚ ማስተርጎም አትችይም። ደንብ ነው።» ታብሌቱን እየገፋች አመጣችው። በዚያው ኮሪደር፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት በቆምኩበት ቦታ ላይ!

«እማማ የሺእመቤት፣ አይዞዎት፣ እኔ አለሁልዎት» አለ ታብሌቱ። «ሕመም ይሰማዎታል?»

እማማ ስታውቃቸው ጊዜ ደስ አላቸው። «መጣሽ እንዴ? ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ታብሌቱ ለዳያን በእንግሊዝኛ «ታካሚዋ ደህና ናቸው፣ ሕመም የለም» አላት። አረንጓዴ ምልክት በራ። ዳያን እኔን አየችኝ።

ማስተርጎም ነው የተከለከልኩት። ካልሲ ማውለቅን የከለከለኝ የለም። ጎንበስ ብዬ ካልሲውን ጎትቼ አወለቅሁት። ዳያን በኮሪደሩ እየሮጠች ሐኪም ተጣራች።

እማማን በአልጋ ይዘዋቸው ከሄዱ በኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አልገባኝም» አለች። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት መልስ ነው የተመዘገበው። ደግሞ ይኼ መልስ ሕመም የለም ማለት እንደሆነ አማርኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ባለሙያዎች አረጋግጠውታል ነው የተባልነው።»

ባለሙያዎች። እኛን ማለታቸው ነው።

«ይመስገን፣ ደህና ነኝ» በነዚያ ሦስት ወራት ስንት ጊዜ እንደመጣልኝ አልቆጠርኩም። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሳጥን ነበር፤ «ሕመም አለ»፣ «ሕመም የለም»፣ «ግልጽ አይደለም»። የመጀመሪያ ሰሞን «ግልጽ አይደለም» እያልኩ መለስኩ። አለቃዬ «እሱን አታብዢው፣ ማሽኑ ቁርጥ ያለ መልስ ነው የሚፈልገው» ብላ መለሰችብኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም። ወጥ ጥጄ፣ አንድ ዓይኔን ድስቱ ላይ አድርጌ፣ «ሕመም የለም» የሚለውን እየነካሁ አሳለፍኩት። ለአንዲት «እንቅልፍስ?» ሁለት ማስጠንቀቂያ የተቀበልኩ ሴት፣ አንዲት ሳጥን ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። ማንን ልቆጣ? አለቃዬን? ማሽኑን? ሲያናድድ!

ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። ሐኪሙ «ሳምንት ቀድመው ቢመጡ በመድኃኒት ይድን ነበር» አለ። ለግሩም በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ። «በየቀኑ ይደውሉላት የለም እንዴ?» አለኝ።

ረቡዕ ከሥራ በፊት ልጠይቃቸው ሄድኩ። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኩ። «ያቺ የምትደውለው… ‘ይመስገን’ ካሉ አያማቸውም ማለት ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ በእጄ።»

አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?»

«አዎ።»

«ለዚህ ነዋ አነጋገሯ ያንቺን የመሰለኝ!» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ዳሰሱኝ። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ እንዲያው ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ጠየቁኝ።

«ታዲያ ልጄ፣ ደግማ እንድትጠይቅ ለምን ሳታስተምሪያት ቀረሽ?»